ሙክት የሚያወጣ ትኬት

«ታዲያ አንተ እንዳለው፣ ዘፋኙን የት ላሳድረው ነው?» አለኝ ጎረቤቴ ሻረው፣ ሙክቱን ከካስማው እየፈታ። ልጁ የትናየት ከኋላው ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጎንደር ለሚደረገው ኮንሰርት ትኬት ትገዛበት ዘንድ፣ ራሷ ያሳደገችውን ሙክት ደባርቅ ገበያ አውጥቶ እንዲሸጥላት ስትለምነው ሰንብታለች። ሻረው ደግሞ ዋጋውን ሲሰማ ዘፋኙ እንደ ሠርግ አዝማሪ እቤት ድረስ የሚመጣ መስሎታል።

«አባዬ፣ እሱ አይመጣም፤ የምንሄደው እኛ ነን። ቆመን ነው የምናየው።»

«ቆማችሁ?»

«ወንበር ያለው ሁለት ሙክት ያወጣል።»

እኔም ዝም ማለት አቃተኝና «የመቆሚያው ትኬትስ ምሳ አለው?» አልኋት። ገላመጠችኝ።

«አዝማሪ እንኳ መጀመሪያ ይዘፍናል፤ ደስ ሲለን ግንባሩ ላይ እንለጥፍለታለን» አለ ሻረው። «ይሄኛው አፉን ሳይከፍት ነው የሚቀበል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት እሱን ነው። ወደኛ አገር ደግሞ መቼ ይመጣል?» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። ቀልዴን ተውሁ።

ሻረው ሙክቱን አየ፤ እሷን አየ። የፈታውን ገመድ አቀበላት። «ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ሽጪው በቃ።»

የትናየት ጉልበቱን ሳመችው። «ስመለስ የዘፈነውን ሁሉ በስልኬ ቀርጬ አሰማሃለሁ!»

ሻረው የሙክቱን ጀርባ እያሻሸ «አሁንስ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስልክሽ ውስጥ አይደል እንዴ የሚዘፍነው?» አላት።