የዘለለችው በር

"ኧረ ወንበሩ ይበቃል! ለማን ነው ይሄ ሁሉ?" አሉ ዘበኛው፣ ተማሪዋ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አቅፋ ስትገባ እያዩ።

"ለሰው ነዋ፣ ጋሼ።"

"የቱ ሰው?"

ዞር ብላ አየች። የሕንፃው ምድር ቤት ላይ ያለው አሮጌ ዕቃ ቤት ተጠርጓል፤ የግድግዳው ሻጋታ ተፍቋል፤ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። በክብ የሆነው ማንም ከማንም እንዳይበልጥ ነው፤ እንዲያ ነው የተማረችው። ለጊዜው ማንም ስላልመጣ ማንም ከማንም አልበለጠም።

ነዋሪዎቹ ይህን ክፍል የልጆች መዋያ ለማድረግ ይስማሙ እንደሆነ ዛሬ ሊነጋገሩ ነበር። ለእሷ ደግሞ የመጨረሻው የመስክ ሥራዋ ነው፤ መምህሯ መጥታ ታየዋለች። ሰው ካልተሰበሰበ ሥራው ወደቀ፣ ሥራው ከወደቀ ምረቃው ለከርሞ ነው። ባሏ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ማታ ልጆቹን የሚያስጠናው "ይቺን ዓመት ብቻ" ስላለችው ነው። ሌላ ዓመት ታገሰኝ ለማለት ፊት የላትም።

ዕድሜዋን የሰው ጸጉር ስትሠራ የኖረች ሴት የማኅበረሰብ ተሳትፎና የቤተሰብ ሳይንስ ልማር ብላ ስትመዘገብ ሕንፃው ሁሉ ስቆባት ነበር። "ቤተሰብ ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ?" አሉ። ስሟን ትተው "ዩኒቨርሲቲ" ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። እሷም አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትጠራጠራለች፤ ጸጉር ቤት መስታወት ፊት የሰማችውን ያህል የቤተሰብ ጉድ የትኛው መጽሐፍ ይዞታል? ግን ጸጉር ቤት ውስጥ ሰው ይነግርሻል፣ "አይዞሽ" ትያለሽ፣ ጸጉሯን ጠቅልለሽ ትሸኛታለሽ። እሷ ከ"አይዞሽ" ቀጥሎ ያለውን ነበር መማር የፈለገችው።

የሁለተኛ ፎቋ ነርስ በነጠላ ጫማ እየተንቋቋች ወረደች። ወንበሮቹን አየችና ቆመች።

"እውነቱን ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ።"

"ማንም አይመጣም። እማማ 'እኔ አልሄድም' ብለዋል።"

"የትኛዋ እማማ?"

"አማትሽ ናቸዋ! እሳቸው ቀርተው ማን ይሄዳል? የሁላችንንም ልጆች የሚይዙት እሳቸው ናቸው። እኔ ነገ ተረኛ ነኝ፤ እሳቸውን አስቀይሜ ልጄን የት ላድርሳት? አትቀየሚኝ።"

"ምን በድያቸው ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። የቤተሰብ ሳይንስ የምትማሪው አንቺ አይደለሽ?"

ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። አማቷ እንደ ልማዳቸው አብረው ከሚኖሩበት ቤት በር ፊት ደረጃው ላይ ትራስ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከግራ ቀኛቸው የጎረቤት ሕፃናት የጠርሙስ ክዳን ይደረድራሉ። ባለፈው ሰሞን የነርሷ ልጅ ከዚሁ ደረጃ ተንሸራታ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ የመዋያው ሐሳብም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

"እማማ፣ ምነው?"

"ምን ምነው አለው። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።"

"ሰው አልመጣም።"

"ታዲያ እኔ እግር ልሁናቸው?"

"አስቀይሜዎት ከሆነ ይንገሩኝ።"

አሮጊቷ የአንዱን ሕፃን አፍንጫ ጠረጉና ሳያዩዋት ተናገሩ። "ሁሉን ቤት አንኳኳሽ። ላይ ፎቅ ያለውን ወንደላጤ እንኳ 'ስለ ልጅ አያያዝ ምን ያስባሉ' ብለሽ ጠየቅሽው። ሰውየው ድመት እንኳ የለውም! የእኛን በር ግን ዘለልሽው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው አንቺን ነው።"

"ሕግ ሆኖብኝ ነው፣ እማማ። ተማሪ የራሱን ቤተሰብ አይጠይቅም። አድልዎ እንዳይኖር።"

"ለእኔ ታደያለሽ ተብሎ ነው የተፈራው?" ሳቃቸው አመለጣቸው። "ይህን የሚያምን ሰው ካለ አምጪልኝ።"

እሷም ሳቀች። አማቷ ግን ቶሎ ፊታቸውን መለሱ። "ልጆቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። የሠለጠነች ልጅ ትቀጠርላቸዋለች። ጥሩ ነው። እኔስ? ግድግዳ ስጠብቅ ልዋል?"

በየቤቱ "ልጅዎን ማን ይይዝልዎታል?" ብላ ስትጠይቅ "አማትሽ" ሲሏት ከርመዋል፤ እሷም ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፍ ነበር። ጭራሽ ኮርታም ነበር። የአማቷ ስም በየቤቱ ሲጠራ ደስ ብሏት፣ የስሙን ባለቤት ግን ረስታ።

"እማማ፣ ልጆቹን ይዘው ይግቡና በሩን ይዝጉት።"

"ለምን?"

"ይዝጉት ብቻ።"

እያጉረመረሙ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ብዕሯን አወጣችና በየቤቱ እንዳደረገችው የራሷን በር አንኳኳች።

ከውስጥ፣ "ማነው?"

"ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት። ጊዜ ካለዎት ጥያቄ ነበረኝ።"

"ጊዜ የለኝም። ሕፃናት ይዣለሁ።"

ውስጥ ሕፃናቱ ሲንከተከቱ ተሰማ።

"ብዙ አላቆይዎትም።"

"ምራቴ ስትመጣ ጠይቂያት። እሷ የተማረች ናት።"

"እኔ የመጣሁት እርስዎን ብዬ ነው።"

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አሮጊቷ ሻሻቸውን አስተካክለው አስረዋል።

በዚያው ቅጽበት መምህሯ እያለከለከች ደረጃውን ጨርሳ ወጣች። "ታች ወንበር ብቻ ነው ያገኘሁት! ነዋሪዎቹስ?" አለች። ከዚያ በሩን፣ አሮጊቷን፣ የተማሪዋን ብዕር አየች። "ይሄ የራስሽ ቤት አይደለም? መመሪያውን ታውቂዋለሽ። አይቆጠርልሽም። ሌላውንም ሥራሽን ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።"

"አውቃለሁ፣ ቲቸር።"

አማቷ አንዴ መምህሯን አንዴ ምራታቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። "ተይው በቃ፣ ልጄ። ማንኳኳትሽ ይበቃኛል። ፈተናሽን አታበላሺ። ጫማዬን ላድርግና ልውረድ፤ ሰዎቹንም እጠራልሻለሁ። እኔ ከጠራኋቸው ይመጣሉ።"

እውነታቸውን ነው። ከደረጃው አናት ላይ አንዴ ቢጣሩ የታቹ ወንበር ሁሉ ይሞላል፤ መምህሯ ታያለች፤ ባሏም ማታ ደስ ይለዋል። ሁሉም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ አማቷ ሥራ ይወስናል። አማቷም ጥግ ይዘው እሺ ይላሉ።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። "ቲቸር፣ ካላስቸገርኩ ይግቡና ይቀመጡ" አለች፣ አንዱን ሕፃን ከመግቢያው ዘወር እያደረገች። ከዚያ ከአማቷ ፊት ዱካ ስባ ተቀመጠች።

"ሲጨርሱ ይጠሯቸዋል፣ እማማ" አለች። "መጀመሪያ ይንገሩኝ። ታች ያለው ክፍል ሲከፈት እርስዎ ምን መሆን ይፈልጋሉ?"