የአቼቶ ሽታ

በሽታው ሰውዬውን ሲመታው ቀኝ ጎኑን ወስዶ፣ ንግግሩን ሁሉ ጠራርጎ ሄደና አንዲት ቃል ብቻ ተወለት፤ «እሺ»። ከቃል ሁሉ እሺ! ዕድሜ ልኩን እምቢተኛ ለነበረ ሰው፣ አፉ ጤፍ ይቆላ ለነበረ ሰው፣ እሺ ምን ታደርግለታለች? ሚስቱ መጀመሪያ አልቅሳ አልቅሳ፣ እንባዋ ሲደርቅ ለጎረቤት ቀለደችበት። «ስንት ዘመን ስለምነው እምቢ ያለኝ ሰውዬ፣ ይኸው ዛሬ ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላል» አለች። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሱም በግራ ጉንጩ ብቻ ሳቀ።

ቃሏ በቦታዋ ብትመጣ እንኳ ደግ ነበር። ውሃ ሲጠማው እሺ፣ ሳይጠማውም እሺ። ራሱን ነቅንቆ እምቢ ሊል ሲሞክር አንገቱ ይከዳውና ወደ ታች ይወርዳል። እርሳስ በግራ እጁ ቢያስይዙት ወረቀቱን እንደ ዶሮ ይጭረዋል እንጂ ፊደል አይወጣውም። ሐኪሙ «የምትሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ መልሱ ነው መንገድ የሚስተው። ታገሡት» ብሎ ሄደ። ታገሡ ማለት ለተናጋሪው ምን ገዶት!

ሰፈሩ «ሲኒማው» ይለዋል። እንጀራው ልብስ ሰፊነት ነበር፣ ነፍሱ ግን የድሮ ፊልም። ሰው ያገኘውን ሰብስቦ ቤት ሲሠራ፣ እሱ ያገኘውን ፊልም ሲሰበስብ ኖረ። ትልቁ ሲኒማ ቤት ተዘግቶ ጥቅሎቹ ሊጣሉ ሲሉ፣ በጋሪ ጭኖ ወደ ቤቱ ያመጣቸው እሱ ነው። ማሽን የበላውን ጠርዝ በመቀሱ እየከረከመ፣ የተበጠሰውን እየቀጠለ፣ አቧራውን በሐር ጨርቅ እየጠረገ፣ እያንዳንዱን በየቆርቆሮው አስተኛው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ አንሶላ ይወጥርና ጎረቤቱን ይጠራል። ሚስቱም ትመጣለች፤ ለሷ ግን መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ ይበራል። አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። «እንዴት ነበር?» ሲላት ዓይኗን እያሸች «ቆንጆ ነው፤ በመጨረሻ ተጋቡ አይደል?» ትለዋለች። የመርከበኛውን ፊልም እንኳ፣ መርከቡ ከነሰዎቹ ሰምጦ የሚያልቅበትን፣ ተጋቡ አይደል ብላዋለች።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ቆርቆሮ ከሱ በቀር ማንም አይከፍትም። «የከፈተ እጁን እቆርጠዋለሁ!» ይል ነበር መቀሱን እያንቀጫቀጨ። ልጅ አልወለዱምና ሚስቱ ቆርቆሮዎቹን «ልጆችህ» ነበር የምትላቸው፤ አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ በንዴት። ከሆስፒታል ሲመለስም አልጋውን የቆርቆሮዎቹ መደርደሪያ ካለበት ክፍል አዘረጋችለትና «በል እንግዲህ፣ ከልጆችህ ጋር ተኛ» አለችው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሸተተው። ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከመደርደሪያው ግርጌ መጣ። ሰውነቱ በድን ሆነ፤ በድን ያልነበረው ግማሹ ማለቴ ነው። ከፊልም ጋር የኖረ ሰው ይቺን ሽታ ያውቃታል። የድሮ ፊልም ሲታመም አቼቶ አቼቶ ይላል፤ በሽታው ደግሞ ይጋባል። ካንዱ ቆርቆሮ የወጣው ኮምጣጣ ትንፋሽ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ጎረቤቱ ሌላውን። መድኃኒት የለውም። ያለው መላ የታመመውን ነጥሎ ከቤት ማውጣት፣ ጤነኞቹን ከፍቶ ማናፈስ ብቻ ነው። በጊዜ ከደረሱለት ሌሎቹ ይተርፋሉ።

የትኛው እንደሆነም አላጣውም። የመርከበኛው ቆርቆሮ ነው። ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምት፣ እርጥበት እንዳይገባበት ብሎ ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ያሸገው ራሱ ነበር። ፊልም ግን እንደ ሰው መተንፈስ አለበት። በፍቅር አፍኖ ገደለው! ይህን ያወቀው ቆይቶ ነው፤ ካወቀም በኋላ ነገ እከፍተዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እከፍተዋለሁ ሲል የራሱ በሽታ ቀደመው።

«እሺ!» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ የያዘችውን ጥላ ሮጣ መጣች። «ምነው? ምን ሆንክብኝ?» በግራ ጣቱ አፍንጫውን ነካ፣ ወደ መደርደሪያው ጠቆመ፣ እንደገና አፍንጫውን ነካ። አየችው፣ ከዚያ ፊቷ ላይ ሐዘን ወረደ። ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ ገለጠች። «ሸተተህ? አይዞህ የኔ ጌታ፣ ምን ያሳፍራል? እኔ አለሁልህ አይደል?» አለችው። አጠበችው፣ አንሶላ ቀየረችለት፤ ከዚያም ባልዲ አምጥታ ወለሉን በአቼቶ ወለወለችው። የእግዜር ያለህ! ሳሙና ጠፍቶ? ግን እናቷ የበሽተኛ ክፍል በአቼቶ ነው የሚጸዳው ብለው ነበር ያሳደጓት፤ እናቷ ያሉትን ደግሞ አትስትም።

ከዚያ ወዲህ አፍንጫውን በነካ ቁጥር ባልዲዋን ታነሳለች። እሱ ሲብስበት እሷም አቼቶውን ታበረታዋለች። ስንፍና ቢኖርባት ኖሮ ምናለ! የሰነፍ ሚስት ባል ቢሆን ኖሮ ልጆቹ በተረፉ።

አንድ ቀን ደግሞ ወደ መደርደሪያው መጠቆሙን አይታ፣ ናፍቀውት ነው ብላ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ደረቱ ላይ ታስቀምጥለት ጀመር። «ይቺን ነው?» «እሺ።» «ወይስ ይቺን?» «እሺ።» ሲል ሲል የመርከበኛው ደረሰ። ግራ ክንዱን ጣል አድርጎ ያዘው፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር የፕላስተሩን ጫፍ ፈለገ፣ አገኘው፣ ትንሽ አላቀቀው። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ቢሰጡት!

«ኧረ ተው!» ብላ ቀማችው። «ራስህ አይደለህ አይከፈትም ያልከው? አሁን ደክሞህ ነው እንጂ በኋላ ትቆጫለህ። እኔ በሕይወት እያለሁ ልጆችህን ማንም አይነካብህም።» አዲስ ፕላስተር ፈልጋ የተላቀቀውን ደህና አድርጋ አጠበቀችና ቦታው መለሰችው። እሱ አለቀሰ። እሷ ምስጋና መሰላትና እንባውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን እንዳለው እንጃ! ይኸው ይህ ሰውዬ ዝም ብሎ በተኛበት፣ እጁ በማይደርስበት ስንዝር መንገድ ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው ይነቅዛል። ሽታው ከታችኛው መደርደሪያ ወደ መካከለኛው ወጣ። እሱ ለይቶ ያውቀው ነበር፤ የባልዲው አቼቶ ስለታም ነው፣ የፊልሙ ደግሞ ለስለስ ብሎ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ማን ይስማው? ሆድ ይፍጀው ብሎ ጣሪያውን ያያል።

ኦፕሬተሩ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በሲኒማ ቤቱ ማሽን ሲያዞር ያረጀ የልብ ጓደኛው ነው፤ ሩቅ አገር ልጁ ዘንድ ከርሞ መመለሱ ነበር። ከበሩ እንደገባ ቆም አለ። «እህቴ፣ ቤቱ አቼቶ አቼቶ አለኝ» አለ አፍንጫውን አቅንቶ።

የተኛው ሰው ልቡ ልትፈነዳ ደረሰች። ተመስገን! የሚያውቅ አፍንጫ መጣ!

«እኔ ነኝ ወንድሜ፣ ወለሉን ነው። ሁልጊዜ በአቼቶ ነው የምወለውልለት» አለች ሚስቱ ኮራ ብላ።

«አይ ጎበዝ! እኔ ደግሞ በከንቱ ደነገጥኩ» ብሎ ሳቀና ተቀመጠ። ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራ፣ ስለ ልጁ አወራ። «እሺ! እሺ! እሺ!» እያለ የሚጮኸውን ጓደኛውን ትከሻ መታ መታ አደረገና «አየሽ፣ ናፍቄዋለሁ» አላት።

ሊሄድ ተነስቶ ነበር። በር ላይ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተመለሰ። «ለምን አንድ ፊልም አናሳየውም? ማሽኑን እኔ አዞራለሁ» አለ። ሚስቱ ሕጉን አስታወሰችው። «ሕጉ ለናንተ ነው፣ ለኔ አይደለም» ብሎ ጎንበስ አለና፣ ሁልጊዜ የሚወደውን የመርከበኛውን አወጣ። ፕላስተሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ማነው እንዲህ ያፈነው?»

«እኔ» አለች ሚስቱ። «እንዳይበላሽ ብዬ።»

እውነቷን ነው፤ የላይኛውን እሷ ናት። ከሥሩ ያለውን፣ ዓመታት ያስቆጠረውን፣ ኦፕሬተሩ አብሮ ላጠው።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ሁለቱንም ወደ ኋላ ገፋቸው። ፊልሙ ተጨማዶ፣ ተንጋዶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ጫፉን ቢነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰበረ። ኦፕሬተሩ ቀጣዩን ከፈተ። ከዚያ ሌላውን። ከላይኛው መደርደሪያ ጥቂት ደህና ተገኘ፤ የቀረው አልቋል። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «በጊዜ አንዱን አውጥተነው ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ይተርፉ ነበር። ሽታውኮ ይናገራል፣ ሽታው ነበር የሚነግረን…» አለና ባልዲውን አይቶ አቋረጠ።

«በኔ አቼቶ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ተይው እህቴ። የሆነው ሆኗል» አላት። የሆነው ሆኗል ማለት፣ ጨዋ ሰው ሲናገረው፣ አንቺ ነሽ ማለት ነው። ቆርቆሮዎቹን ተሸክሞ ወደ ግቢው ያወጣ ጀመር።

እሷ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «ለካ እሱን ኖሯል የምትለኝ! አፍንጫህን ስትነካ፣ ስትጠቁም፣ ስታለቅስ… እኔ ደደቧ! እኔ ነኝ አይደል የጨረስኳቸው?»

ያለ የሌለ ኃይሉን ሰበሰበ። ዓረፍተ ነገሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ነበር፦ አንቺ አይደለሽም፣ መጀመሪያ ያሸግኩት እኔ ነኝ። አፉን ከፈተ።

«እሺ» አለ።

አንገቷን ደፋች፣ የጠበቀችው መልስ ነበር። «ይቅር በለኝ» አለችው።

አሁን ጥርሱን ነከሰ። እሺ ካለ ባልሠራችው ጥፋት ይቅር አላት ማለት ነው፤ ጥፋቱ እስከ መቃብሯ የሷ ሆኖ ይቀራል። አይልም። ከንፈሩን ገጥሞ ዓይን ዓይኗን አያት።

ጠበቀች። ቆይቶ አገጯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ለሁሉም እሺ ስትል ከርመህ ለዚህ እምቢ አልከኝ?» አለች። «ይቅር አትለኝም?»

«እሺ» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ግራ እጁን ሳመችው።