ከዱዓው በኋላ

ሰልማ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ በከሚሴም እሷን የሚያህል ሴት በረኛ አልነበረም። አንድ የአዲስ አበባ ኮሌጅ ኳስ የሚችሉ ተማሪዎችን በነፃ ለማስተማር አርብ ደሴ ላይ ሊመለምል ነው ሲባል፣ አባቷ ቃሲም ሽማግሌዎቹን ቤቱ ጠርቶ ዱዓ አስደረገ። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያ ረቢ፣ መንገዷን ክፈትላት፤ ሳይቀናት አትመለስ" አሉ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ "አሚን" ያለው ቃሲም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ገና ከመደቡ ሳይነሱ መምህሯ ዘመድኩን እያለከለከ ገባ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ አርብ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተማሪዋ ራሷ ካልተገኘች አይሆንም።

"ጋሽ ቃሲም፣ ይቺ ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል? ጭንቅላቷ ይበቃታል!"

ቃሲም ነገሩ ልክ እንደሆነ አልጠፋውም። ግን ሽማግሌዎቹ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ዱዓ አስደርጎ መንገድ የሚያስቀር ምን ዓይነት ሰው ነው?

"አንዴ አሚን ብያለሁ" አለ።

አርብ ዕለት ደሴ ላይ አስር ደቂቃ አሰለፏትና ቁመቷ አጭር ነው ብለው አስወጧት። ቃሲም በላስቲክ ጠቅልሎ የያዘውን የውጤት ካርዷን ለመልማዩ ዘረጋለት። ሰውየው አገላብጦ አየና ተገረመ።

"አባቴ፣ እንዲህ ያለ ውጤት ያላትንማ ኮሌጃችን ያለ ኳስም በነፃ ያስተምራል። የዘንድሮን ፈተና አልፋ ትምጣ ብቻ። አላህ ያሳካላት።"

ቃሲም ካርዱን ተቀብሎ መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለው።

"አሚን" አለች ሰልማ፣ ከኋላው።