የጋሽ ቡርሀን እጅ

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱልን እንጂ! ረፈደ እኮ!» አለ ጌትነት የጀልባውን ገመድ ይዞ።

ጋሽ ቡርሀን ቀኝ እጃቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው አወጡና ወደ ዘጌ አቅጣጫ ዘረጉ። የዚህ ዳርቻ ወግ ይኸው ነው። በእርጥብ መዳፋቸው ነፋሱን ይለኩታል። እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ካነሡት ጀልባው ሁሉ ይሄዳል፤ ካላነሡት ማንም ገመድ አይፈታም። ከአባታቸው የተማሩት ነው።

ዛሬ በጌትነት ጀልባ ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ዘሀራ ናት። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ወልዳ አርባ ቀኗን ስትጨርስ ባሏ ሂሻም ሊወስዳት መጥቷል። ዘጌ ላይ አማቶቿ በግ አርደው እየጠበቁ ነው።

አይ ጊዜ! እሳቸውም ሚስታቸውን ዘኪያን ከዘጌ፣ ከእናቷ ቤት፣ በታንኳ ያመጧት በዚሁ በግንቦት ነበር። አራሷ ታቅፋት የነበረችው ሕፃን ይህችው ዘሀራ ናት። ያኔ የግንቦት ነፋስ ቀጠሮ ያከብር ነበር፤ ከዙህር ሶላት በፊት ዝር አይልም። ዘኪያ መንገዱን ሙሉ ስታንጎራጉር ሕፃኗ ሳትነቃ ደረሱ።

አምና ግን በዚሁ እጅ «ሂዱ» ቢሉ፣ ገና ረፋዱ ላይ ማዕበል ተነሥቶ የጌትነትን ጀልባ ገለበጠው። ሰዎቹ ዳር ከበቀለው ደንገል ላይ ተንጠልጥለው ለጥቂት ተረፉ። ጌትነት አንድም ቀን ወቅሷቸው አያውቅም፤ እሳቸው ግን አልረሱትም።

«ምን ይላል፣ አባባ?» አለች ዘሀራ ሕፃኑን እንደታቀፈች።

«እንደ ጥንቱ ነው። ዝም ብሏል።»

«ታዲያ ምን ያቆመናል? ስልኩም ፀሐይ ነው ይላል» አለ ሂሻም።

«አምናም ዝም ብሎ ነበር።»

ሂሻም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ አየር ጠባይ በሰጡን ስልጠና ላይ የነገሩን ይህንኑ ነው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ማዕበሉ ይበረታል፣ ጊዜውንም ይስታል ብለውናል።»

«እሱንስ ስልጠና ሳልሄድም አውቄዋለሁ፣ ልጄ። ያላወቅሁት መቼ እንደሚመጣ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ያያቸዋል። የተዘረጋው እጃቸው ደረቀ። ቀስ ብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«አላውቅም» አሉ።

ጌትነት ጆሮውን ማመን አቃተው። «ምን አሉ ጋሼ?»

«አላውቅም አልሁህ! ከእንግዲህ በእኔ እጅ ገመድ አትፍቱ። ዘሀራ፣ ውረጂ ልጄ። በመኪና እንሄዳለን።»

«በመኪና? እርስዎ እኮ ዘጌ በየብስ አይገባም የሚሉ ሰው ነዎት!» አለ ጌትነት።

«እል ነበር።»

ጋሽ ቡርሀን ስድሳ ዓመት ሙሉ ዘጌን በመኪና ረግጠዋት አያውቁም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው የልጅ ልጃቸውን ታቀፉ። ሞተሩ ሲነሣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጠውን ሂሻምን በክርናቸው ነካ አደረጉት።

«ቦታ እንቀያየር» አሉት። «በሐይቁ በኩል ልቀመጥ።»