የሦስተኛው ካንዴላ ሐ

‹‹ይሄ የትኛው ሀ ነው?››

ገበያነሽ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። መምህሩ ገብረጻድቅ ጠመኔውን ይዞ ከደብተሯ በላይ ቆሟል። በቀበሌው አዳራሽ ለመሠረተ ትምህርት የተሰበሰቡት ጎልማሶች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። እሷ ግን ፊደሉን ብታየው ብታየው ሀ ነው።

‹‹ሀ ነዋ፣ መምህሬ! ስንት ዓይነት ሀ አለ?››

‹‹ሃሌታው ሀ አለ፣ ሐመሩ ሐ አለ፣ ብዙኃኑ ኀ አለ።››

‹‹ሦስት! ምን ያደርግላችኋል? አንዱ ሲታመም ሌላው ሊተካው ነው?››

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ገብረጻድቅም ሳቀና ሰሌዳው ላይ ሀ ለ ሐ መ ብሎ ጻፈ።

‹‹ድምፃቸው አንድ ነው፣ እማማ። ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። ይሄ አንደኛ፣ ይሄ ሦስተኛ።››

ገበያነሽ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ልቧ ያለው ምሥራቅ በኩል፣ ልጇ ብርቅዬ በምትሠራበት የትራክተር ጋራዥ ነበር።

ብርቅዬ አንድ ልጇ ናት። መካኒክነት ተምራ በሙከራ ከተቀጠረች ገና ወራት ነው። ለመፈተኛ የሰጧት ደግሞ ማንም እጁን ሊያስገባበት የማይፈልገውን ቤንዚን ጠጪ አሮጌ ትራክተር ነው። ቀይ ቀለሙ ረግፎ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ በጋራዡ ‹‹ሽማግሌው›› ይሉታል። ኃላፊው ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳሩ ግን የበልግ እርሻ ደርሶ ከበላይ ወጥረው ይዘውታል።

‹‹እንግዲህ ብርቅዬ፣ ወይ ይሄ ትራክተር ከግቢው ይወጣል፣ ወይ አንቺ ትወጫለሽ›› አላት።

መውጣት ማለት ወደ ቆላው እርሻ መዛወር ነው። ገበያነሽ ያን ቆላ አይታው አታውቅም። ወባውን ግን ታውቀዋለች፤ የብርቅዬን አባት የወሰደባት እሱ ነው። ጓድ ሽፈራው ያን ከተናገረ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ልጇን የምትረዳበት ነገር ቢጠፋት በየቀኑ ምሳ ተሸክማ መመላለስ ያዘች።

አንድ ጊዜ ብቻ ረድታታለች። ብርቅዬ ሞተሩን ስትፈታ እጇ በግሪስ ተነክሮ ስለነበር፣ ‹‹እማዬ፣ ተምረሽ የለ? እስቲ ጻፊልኝ›› አለቻት። ለቤንዚኑ እሳት ወደሚሰጡት ካንዴላዎች የሚሄዱት ገመዶች አራት ናቸው፤ ሲመለሱ እንዳይምታቱ በየጫፋቸው ቁራጭ ፕላስተር ተለጠፈባቸው። ብርቅዬ በተራ እየጠራች፣ ገበያነሽ እስክሪብቶውን በጡጫዋ ጨብጣ በየፕላስተሩ ላይ አንዳንድ ፊደል ጻፈች። ጽሕፈቷ ለቁም ነገር ሲውል የመጀመሪያው ነበር። ማታ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

አዳራሹን ባሳቀችበት ማግስት ምሳውን ይዛ ስትደርስ፣ ደበሌ በእጅ እየተዞረ ሞተር የሚያስነሳውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ይዞ ከትራክተሩ ፊት ቆሟል። ደበሌ የብርቅዬ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በዕድሜ ይበልጣታል፣ በቀልድም ጋራዡን ሁሉ ይበልጣል።

‹‹እትዬ ገበያነሽ፣ እንኳን መጡ። ይሄ ሽማግሌ እጄን ሳይሰብረኝ ይገላግሉኝ።››

ማኖቬላውን አንዴ ሲያዞረው ሞተሩ አስነጠሰው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ እንደ ጥይት ጮኸ። ማኖቬላውም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመታው ሲል ደበሌ ዘሎ አመለጠ። ገበያነሽ ምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈች።

‹‹ቤንዚን የለው ይሆን?›› አለች።

‹‹ሙሉ ነው፤ እኔ አልጠጣሁበትም።››

‹‹አፍህ መቼም ሥራ አይፈታም!›› አለች ብርቅዬ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰች።

ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ከገመዳቸው ሳትለያቸው የሞተሩን ብረት እያስነካች ደበሌን አስዞረችው። አራቱም ሰማያዊ እሳት ብልጭ አደረጉ። እሳቱን የሚቆራርጠውን ፑንቲና በብርጭቆ ወረቀት ጠርጋዋለች፣ ክፍተቱን አስተካክላለች፤ እሳቱን የሚያመነጨውን ቦቢና በአዲስ ቀይራለች። ካንዴላዎቹን መልሳ አስገባችና በእጇ ጀርባ ግንባሯን ጠረገች፤ ግሪሱ ቅንድቧ ላይ ተሰመረ።

‹‹እሳት አለው፣ ቤንዚን አለው። ታዲያ ምን ጎደለው?›› ድምጿ ተሰበረ።

ገበያነሽ ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠች። ልጇ ስታለቅስ ላለማየት ዓይኗን ወደ ሞተሩ መለሰች። እዚያ ከተወሳሰበው ብረት ሁሉ የምታውቀው የራሷን ጽሕፈት ብቻ ነው። ከፊት ጀምራ በጣቷ እየነካች አነበበች። ሀ። ለ። ሀ...

ጣቷ ቆመ። ድምፃቸው አንድ ነው፣ ቦታቸው ግን የተለያየ ነው።

‹‹ብርቅዬ፣ ሦስተኛው የትኛው ሀ ነው?››

‹‹ምን ማለትሽ ነው፣ እማዬ? ሐ ነዋ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።››

‹‹ሐመሩ?››

‹‹አዎ፣ ሐመሩ።››

‹‹ውይ ልጄን! እኔ ሁለቱንም ሃሌታው አድርጌ ነው የጻፍኩት!››

ብርቅዬ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ደበሌን አየችው። ገመዶቹን ስትመልስ እሷ ከላይ ሆና ትጠራለች፣ እሱ ከታች ጫፉን ያቀብላታል፤ ፊደሉን አልተመለከተችውም።

‹‹እኔን ምን ታዪኛለሽ?›› አለ ደበሌ። ‹‹ሀ አልሽ፣ ሀ ሰጠሁሽ። እንደገና ሀ አልሽ፣ ሌላ ሀ ሰጠሁሽ። የጎደለብሽ ሀ አለ?››

ብርቅዬ ሳቋ አመለጣት። አንደኛውና ሦስተኛው ተለዋውጠዋል፤ እሳቱ ይመጣል፣ የሚመጣው ግን በሌላው ተራ ነው። ወዲያው ሁለቱን ገመዶች ነቅላ አለዋወጠቻቸው። ደበሌ ማኖቬላውን ሊያስገባ ሲል ገበያነሽ እጇን ዘረጋች።

‹‹ቆይ! መጀመሪያ ላስተካክለው።›› ከሦስተኛው ገመድ ላይ ፕላስተሩን ልጣ፣ በአዲስ ቁራጭ ላይ ምላሷን ከንፈሯ ጫፍ ላይ ነክሳ ጻፈች። ‹‹ሦስተኛው፣ ሦስት እግር›› አለች ለራሷ።

ደበሌ አዞረ። ሽማግሌው አንዴ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ያዘው። ግቢው ተንቀጠቀጠ። ጓድ ሽፈራው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከቢሮው ብቅ አለ።

‹‹ምን ነበር ችግሩ?›› ሲል ጮኸ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ።

‹‹ቅደም ተከተል ነበር፣ ጓድ!›› አለች ብርቅዬ እናቷን ላለማጋለጥ።

‹‹ሀ ነበር!›› አለች ገበያነሽ። ‹‹ያበላሸሁት እኔ ነኝ እንጂ እሷ የለችበትም፣ ጌታዬ።››

ጓድ ሽፈራው ትራክተሩን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ፕላስተሩን አየ። ‹‹ይሁና። ዛሬ ገና ሀ ብለን ጀመርን ማለት ነው።››

ሰኞ ጠዋት ከታቦር ተራራ ጀርባ ጉም ሳይገፈፍ፣ ደበሌ የሽማግሌው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ በበሩ ወጣ፣ ወደ ቱላ ገበሬዎች ማሳ። ገበያነሽ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በሩ ላይ ነበረች፤ ብርቅዬ ከአጠገቧ።

ትራክተሩ ሄደ። ብርቅዬ ቀረች።