የተጠረገው መንገድ

በ1975 ዓ.ም. በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሰፈር መሐል የሚያልፈው ረጅም መንገድ በአርክቴክቷ በሰርኬ ፕላን ላይ ባዶ ነበር። ሆን ብላ ነው የተወችው። ሸማኔዎቹ ማለዳ ማለዳ ችካል ተክለው ድር የሚያደሩት እዚያ ነው፤ እሱ ከተያዘባቸው ክር የሚዘረጉበት ሌላ ቦታ የላቸውም። የቀበሌውን መሰብሰቢያ አዳራሽ ወደ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አድርጋዋለች።

አለቃዋ ጓድ መዝገቡ ግን አልተቀበለም። "ከተማ መሐል ባዶ መሬት ብክነት ነው። አዳራሹ እዚህ መንገዱ ላይ ይሁን።"

"ከመወሰንዎ በፊት መጥተው ይዩት፣ ጓድ" አለችው። "በአፍ ማስረዳት አይሆንልኝም።"

ማክሰኞ ጠዋት አብረው ሄዱ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጓል። ክር የለም፣ ችካል የለም። ሸማኔዎቹ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው ግራና ቀኝ ቆመዋል።

"ይኸው፣ ባዶ ነው" አለ መዝገቡ።

ሰርኬ ወደ ሽማግሌው ሸማኔ ጠጋ አለች። "ጋሽ ይገዙ፣ ድሩስ?"

"አነሳነዋ፣ ልጄ። እንግዳ እየመጣ ክር ይጥለፈው?" አሉ ኮራ ብለው። "ጠጠሩን ሳይቀር ለቅመናል።"

"አሁኑኑ አድሩልኝ፣ ጋሼ። አለዚያ አዳራሽ ሊሠራበት ነው።"

"በክት ልብስ?"

"በክት ልብስ።"

ጋቢው በየአጥሩ ላይ ተሰጣ። ችካሎቹ መጡ፤ ጉድጓዶቹ ግን ለእንግዳው ክብር ተደፍነው ተደልድለዋል። የዳሩ ችካል አልጸና አለ።

"ጓድ፣ አንዴ ይያዙልን" አሉ ጋሽ ይገዙ።

መዝገቡ በሁለት እጁ ያዘ። ጋሽ ይገዙ ክሩን እየሳቡ ወዲያ ሄዱ፣ መጡ፣ ደግሞ ሄዱ። ነጩ ድር መንገዱን ሞልቶ ቁልቁል ተዘረጋ። ከታች መኪናው ውስጥ የሚጠብቀው የመዝገቡ ሾፌር እንዲመለሱ ጥሩንባ ነፋ።

"ብለቀውስ?" አለ መዝገቡ።

"ድሩ ይላላል። ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው" አሉ ጋሽ ይገዙ።

አልለቀቀም። ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሴት፣ "ችካሉ ዘመመ፣ ጓድን አቅኑልን" አለች። ሰፈሩ ሳቀ። መዝገቡም እየሳቀ ቀና አለ።

"ሰርኬ፣ አዳራሹን ከባሕር ዛፉ ሥር ነው ያልሽው?"

"አዎ።"

"ጎርፍ አይገባበትም?"

"ቦይ አለው።"

"በይ እዚያው ይሁን። አሁን በእኔ ምትክ የሚቆም ችካል ፈልጊልኝ።"