ደጅ ላይ የተፋጨ ቢላ

ቻይነሽ የሚል ስም ያወጣላት ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቡሬ ከተማ ውስጥ እንደሷ ቶሎ ቱግ የምትል ሴት አልነበረችም። የዚያ ሰሞን ቁጣዋ ግን ትክክል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በእሷ ላይ ስላላከከ ነው።

ጥር ነው፤ የሠርግ ወር። የቀበሌው ሱቅ ገና እንደተከፈተ ሦስት ሴቶች ተከታትለው ገቡና ቢላቸውን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። ቻይነሽ ባሏ ደርበው የሠራቸውን ቢላዎች ለሱቁ ልታስረክብ መጥታ ጥግ ይዛ ቆማለች።

«ይሄ ቢላ ነው ወይስ ወስፌ?» አለች አንደኛዋ። «በመስከረም ገዛሁት፣ ገናን እንኳ በወጉ አላዋለኝም።»

«ብረቱን ሰርቆብን ነው እንጅ! የድሮው ካራ ከናቴ ተርፎ ለኔ ደርሷል።»

«የቀጥቃጭ ነገር…» ብላ ሦስተኛዋ ጀመረችና ቻይነሽን ስታይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ «የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአብዮቱ የተከለከለ ነው» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሴትዮዋ ከጽሑፉ ሥር ቆማ ወደ ጎን እትፍ እትፍ አለች፣ ዓይን እንዳይበላት መሆኑ ነው።

ቻይነሽ አንዱን ቢላ አነሳችና አገላበጠችው። ሆዱ ተበልቶ አልቆ ቀጭን ዘንግ ሆኗል። ደሟ ፈላ።

«ድንጋይ ላይ ስትጎትቱት ከርማችሁ ሌባ ትሉናላችሁ? ይሄ በየጠዋቱ መሳል አይፈልግም፣ ማፋጨት ነው የሚፈልግ አላልንም? አልነገርናችሁም?»

«የማይሳል ቢላ ደግሞ ከየት አገር መጣ!» አሉና ተሳስቀው ወጡ። ቢላዎቹን እዚያው ጥለዋቸው ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ካራ ከመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጥ ወፍራም ብረት ነበር። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ፈግፈግ አድርገው ይስሉታል፤ ብረቱ ወፍራም ነውና ቢበላም ዓመታት ይቆያል። ደርበው ግን ሚስቱ በዚያ ካራ ሽንኩርት ስትከትፍ ባየ ቁጥር እንጨት የምትፈልጥ እየመሰለው ያዝን ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ አስቦ አስቦ አዲስ ቢላ አወጣ። ስሱ፣ ጠበብ ያለ፣ የወይራ እጀታው ለሴት መዳፍ የሚመች። መጀመሪያ ሰሞን ገዢው ሁሉ «ፀጉር ይላጫል!» እያለ ተሻማበት።

እንዲህ ያለ ስስ ቢላ ሲሠሩበት ውሎ ደነዘ ቢባል ስለቱ አልጠፋም፤ ጎንበስ ነው ያለው። የሌላ ቢላ ጀርባ ላይ ወዲህና ወዲያ ቀስ አድርገው ቢያፋጩት ቀና ይላል። ድንጋይ ላይ ከሳሉት ግን ብረቱ ራሱ እየተበላ ያልቃል። ድንጋይ የሚያስፈልገው ከስንት ወር አንዴ ነው። ደርበው ይህን ለገዢ ሁሉ ነግሯል፤ ገዢውም «እሺ» ብሎ ሄዷል። ማፋጨት ግን በአፍ ተነግሮ አይገባም። ምን ያህል እንደሚያጋድሉት፣ እጅ ምን ያህል እንደሚላላ፣ ሥጋው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢላው ሲደክም አብሮ ቆሞ ማሳየት ይጠይቃል። ሥጋ ካለበት ደግሞ ቀጥቃጭ አይገባም። ሚስቱም አትገባም። ዓይናቸው ምግቡን ይበላዋል ተብሎ ይፈራል። ደርበው በሕይወቱ የሠራው ቢላ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ከገዛ ቤቱ ውጭ በቢላው ሥጋ ሲቆረጥ ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተስፋው ቤታቸው መጣ። ባልና ሚስቱን ከሽንዲ ወደ ቡሬ ያመጣቸው እሱ ነው። እዚያ ከመንደሩ ታች ወንዝ ዳር፣ ማንም ጎረቤቴ የማይላቸው ቦታ ነበር የሚኖሩት። ቡሬ ሲመጡ ለሱቁ ቢላና ማጭድ እንዲያቀርቡ የቀበሌ ቤት ተሰጣቸው፤ ልጃቸው ሲሳይነሽም ትምህርት ቤት ገባች። አራተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ከክፍሏ አንደኛ ነች።

«እሁድ ስብሰባ አለ» አለ ተስፋው ሳይቀመጥ። «ሴቶቹ አቤት ብለዋል። ቢላው ይቁም ከተባለ ቤቱ ለሌላ ባለሙያ ይሰጣል፣ እናንተም ወደ ሽንዲ ትመለሳላችሁ። ለልጅቷ እኔም አዝናለሁ።»

«ስታዝኑ ነው የምታድሩ!» አለች ቻይነሽ በሩን ሲወጣ፤ ሰምቷል፣ ግን አልዞረም።

ደርበው መዶሻውን አስቀመጠ። «እትየ ወለተ ሐና ዘንድ ሂጅ። ሴቶቹ የሳቸውን ቃል ነው የሚሰሙ። ልጃቸውን እየዳሩ ነው፣ ማፋጨቱን አሳዪያቸው። ባክሽ ቻይነሽ፣ ምንም ቢሉሽ ዋጥ አርጊው። ለሲሳይነሽ ስትይ።»

ሄደች። ወይዘሮ ወለተ ሐና የመሪጌታ ገብረሰንበት ባለቤት ናቸው፤ ያለሳቸው ቡሬ ላይ ሠርግ አይደገስም። ግቢያቸው ዳስ ተጥሎበት፣ ሴቶች ከማድ ቤት ገብተው ሲወጡ ከአጥር ውጭ ይታያል። ቻይነሽ ደጁ ላይ ቆማ ተጣራች። ወይዘሮዋ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ኋላቸው ዞረው «ሥጋውን ሸፍኑት!» ማለት ነበር።

ቻይነሽ ሰማች። ዋጠችው።

«እንደምን ዋላችሁ እትየ። የዚህን ቢላ ነገር ላሳያችሁ ነበር የመጣሁት። ደጋሾቹ ካሉበት ብገባና…»

«አይ አንች፣ እዚሁ ደጅ ላይ ይበቃል። ሰው ብዙ ነው።»

«ሥጋ ሲቆረጥ ነው እኮ የሚገባችሁ።»

«ሽንኩርት ይበቃሻል» አሉና አንድ ራስ ሽንኩርት አስመጡ፤ ያመጣችው ልጅ ካጠገቧ ሳትደርስ መሬት ላይ አስቀምጣላት ሮጠች።

ቻይነሽ ጎንበስ ብላ አነሳች። ከማድ ቤት ያወጡላት ደርበው የሠራው ቢላ ከጠዋት ጀምሮ ለሠርጉ ሲሠራ ውሎ ደንዟል፤ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል እንጅ አይቆርጠውም። ሁለተኛ ቢላ አስቀርባ ጀርባው ላይ ወዲህና ወዲያ አፋጨችው። ከዚያ ሽንኩርቱን አሳሳችው፣ ወዲያ ማዶ እስኪታይ ድረስ። ወይዘሮዋ ዓይናቸው በራ። «ውይ በሞትሁት! ይህን ያህል?» አሉ። ልታሳያቸው ደግማ አፋጨች። ራሳቸውም ሞከሩ፤ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ወዲያው ገባቸው።

«ስብሰባው ላይ እመሰክርልሻለሁ፣ አይዞሽ» ብለው ተሰናበቷት።

ቻይነሽ ጥቂት ራመድ ብላ ዞር አለች፤ ባትዞር ይሻላት ነበር። ወይዘሮዋ ሽንኩርቱን ለዶሮዎቹ በትነውታል። ቢላውን ደግሞ በአመድ እያሹ፣ እንደገና በውሃ፣ እንደገና በአመድ ያጥቡታል። ከዚያ ይዘውት ማድ ቤት ገቡ። ቻይነሽ እስከ ቤቷ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። ለደርበው ግን «ይመሰክሩልናል» ብቻ አለችው፤ ሰውየው ደስ ብሎት እራቱን በልቶ ተኛ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ተስፋው «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብሎ ከፈተና ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ ማለት ድሮ ቀረ አለ። ተጨበጨበ። ከዚያ ወይዘሮ ወለተ ሐና ተነሡ።

«ቢላው ግሩም ቢላ ነው። አያያዙን አለማወቅ ነው እንጅ ጥፋት የለበትም። በኔ ይሁንባችሁ፣ ይቀጥል። ቻይነሽ በየደጃችን እየዞረች ማፋጨቱን ታሳየን።»

«ታሳየን! ታሳየን!» አሉ ሴቶቹ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ደርበው ፊቱ በላብ ረጥቦ ፈገግ አለ፤ ተስፋውም «እንግዲህ ችግሩ ተፈታ» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

ቻይነሽ ልጇን አሰበች። ሲሳይነሽ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ፣ ሥራ ስትይዝ፣ በየሰው ደጅ ቆማ ሽንኩርት ከመሬት ስታነሳ ታያት። ተነሣች።

«አላሳይም» አለች።

ጭብጨባው ቆመ።

«ደጅ ላይ አላሳይም። ቢላ ማድ ቤት ነው የሚሠራ፣ ሥጋው ካለበት ገብቼ አሳያለሁ። እትየ ወለተ ሐና፣ የቆረጥኋትን ሽንኩርት ለዶሮ ሰጣችሁብኝ። አይቻለሁ። ቢላውን በአመድ ፈተጋችሁት። እሱን ቢላ ባሌ ነው በእሳት አግሎ የቀጠቀጠው፣ ላቡ ነው የተንጠባጠበበት። ቢላው ማድ ቤታችሁ ይገባል፣ ሥጋችሁ ውስጥ ይገባል፣ አፋችሁ ይገባል። እኔ ምን ሆኜ ነው የማልገባ?»

«ኧረ በማርያም!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ወይዘሮዋ ፊታቸው ቀላ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ቻይነሽ፣ ቁጭ በይ፣ አበላሸሽው እኮ» አለ ተስፋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን እኩል ነን አላላችሁም? እንግዲያስ ከናንተ ማድ ቤት እንጀምር። ነገ ጠዋት ልምጣ?»

የተስፋው ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ተስፋው አያት፣ ቻይነሽንም አያት፤ የግንባሩ ሥር ተገተረ። «እሺ! ድምፅ ይሰጥበት!» ብሎ ጮኸ። «ቻይነሽ በየማድ ቤቱ እየገባች ታሳይ የምትሉ እጃችሁን አውጡ! ካልሆነ ቢላውም ይቆማል!»

ያ አዳራሽ እጅ ለማውጣት የሚሰንፍ አልነበረም። ባለፈው ወር ለደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች በአንድ ድምፅ እጁን አውጥቷል፤ ከዚያ በፊት የት እንዳሉ ለማያውቃቸው ሕዝቦች አውጥቷል። አሁን ግን አንድም እጅ ጠፋ። ወንዱ ጣራ ጣራውን ያያል፣ ሴቱ ጓደኛዋን ትጎነትላለች። ቻይነሽ ወደ ባሏ ማየት ፈራች። ቤቱንም፣ የልጃቸውን ትምህርትም ያሳጣችው እሷ ናት፤ ዋጥ አርጊው ብሎ ለምኗት ነበር።

ደርበው ከአግዳሚው ቀስ ብሎ ተነሣ። ያቺ ፈገግታ ፊቱ ላይ የለችም። ቀኝ እጁን አወጣ።

«ደርበው» አለ ተስፋው፣ «ቢላው ይቆማል ነው ያልሁ። ሽንዲ ትመለሳላችሁ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል» አለ ደርበው። እጁን አላወረደም።

ተስፋው ሰፊውን አዳራሽ ዳር እስከ ዳር ቃኘና «አንድ» ብሎ በጸሐፊው አስመዘገበ።

ቻይነሽ የራሷን እጅ ማውጣት መርሳቷ ትዝ ያላት ያኔ ነው። አወጣችው።

«ሁለት በል!» አለችው።